ከዋትስ እስከ ዋሽንግተን፦ የአንድ የፊልም ትምህርት ታሪክ

በሎስ አንጀለስ የሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ በአጭሩ ዩሲኤልኤ፣ የፊልም ክፍል እስከ 1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ማብቂያ ድረስ በአብዛኛው የነጮች ነበር። በ1965 በጥቁሮቹ ሰፈር በዋትስ የተነሣው ዐመፅና እሱን የተከተለው የተማሪዎች ንቅናቄ የክፍሉን በር አስከፈተ። ኢትኖ ኮሙኒኬሽንስ የተባለው መርሐ ግብር የዚህ ግፊት ውጤት ነው። ዓላማው ጥቁሮች፣ የሜክሲኮና የእስያ ዝርያ ያላቸው እንዲሁም የአገሩ ነባር ሕዝቦች ልጆች የየሰፈራቸውን ሕይወት ራሳቸው እንዲቀርጹ ማሠልጠን ነበር። ጥቁር አሜሪካዊው መምህር ኤሊሴዮ ቴይለር በምሥረታው ትልቅ ድርሻ ነበረው። መርሐ ግብሩ የቆየው ጥቂት ዓመታት ቢሆንም በእሱ በኩል የገቡት ተማሪዎች ሥራቸውን ቀጠሉ።

ትምህርቱ ሥራንና ክርክርን ያጣመረ ነበር። አዲስ ገቢው የመጀመሪያ አጭር ፊልሙን ራሱ ጽፎ፣ ራሱ አዘጋጅቶ፣ ራሱ ያቀናብራል። ከዚያ በኋላ ተማሪዎቹ አንዱ በሌላው ፊልም ላይ ይሠሩ ነበር፤ ቻርልስ በርኔት ለቢሊ ውድቤሪ «ብለስ ዜር ሊትል ኸርትስ» ድርሰቱን ጽፎ ካሜራውንም ይዟል።

የሂሱን መሠረት ያጠናከረው ኢትዮጵያዊው ተሾመ ገብርኤል ነው። ከ1974 ጀምሮ በዩሲኤልኤ ሲያስተምር ፊልምንና የኅብረተሰብ ለውጥን አያይዞ የአፍሪካንና የላቲን አሜሪካን ሥራዎች ለውይይት አቀረበ። በ1982 በታተመው መጽሐፉ «ሦስተኛው ሲኒማ» የሚባለውን፣ ከቅኝ ግዛት አስተሳሰብ ለመላቀቅ የሚታገለውን የፊልም ዘይቤ ተነተነ። በኋላም የቅኝ ግዛት ተቃዋሚውን አሳቢ ፍራንትዝ ፋኖንን ተከትሎ የሦስተኛው ዓለም ፊልም ከጭፍን ኩረጃ ወደ ትዝታ፣ ከትዝታ ወደ ትግል የሚያልፍበትን ሦስት ደረጃ አስቀመጠ።

የጎንደሩ ተወላጅ ኃይሌ ገሪማ ገና የዩሲኤልኤ ተማሪ ሳለ በ1974 ኢትዮጵያ ተመልሶ «ምርት ሦስት ሺሕ ዓመት»ን ቀረጸ። የባላባትንና የጭሰኛን ግንኙነት የሚያሳየው ይህ ፊልም በ1976 ወጣ። ኃይሌ በዋሽንግተን ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለአሥርት ዓመታት ሲያስተምር፣ ከባለቤቱ ከፊልም ሠሪዋ ሽርክያና አይና ጋር ሳንኮፋ የተባለውን የመጻሕፍትና የፊልም መደብር ከዩኒቨርሲቲው ፊት ለፊት ከፈተ። መደብሩ ፊልም የሚታይበትና ውይይት የሚካሄድበት መድረክም ሆነ።

ለዚህ የዩሲኤልኤ ፊልም ሠሪዎች ትውልድ «የሎስ አንጀለስ ዐመፅ» የሚለውን ስም የሰጠው ሐያሲው ክላይድ ቴይለር ነው። የበርኔት የመመረቂያ ሥራ «ኪለር ኦቭ ሺፕ» በ1990 በአሜሪካ ብሔራዊ የፊልም መዝገብ ተመዘገበ፤ የጁሊ ዳሽ «ዶተርስ ኦቭ ዘ ደስት» ደግሞ በ1991 ወጥቶ በጥቁር አሜሪካዊት ሴት ተዘጋጅቶ በመላ አገሪቱ ሲኒማ ቤቶች ለመሰራጨት የመጀመሪያው ረጅም ፊልም ሆነ። በ2011 የዩኒቨርሲቲው የፊልም ቤተ መዛግብት የትውልዱን ሥራዎች አሰባስቦና አድሶ ለሕዝብ አሳይቷል።