ከጠዳ እስከ ጨነቅ፤ የመንገደኛ መኝታ ታሪክ

ከጎንደር በስተ ደቡብ፣ ወደ ማክሰኚትና ወደ አዲስ ዘመን በሚወስደው ጎዳና ላይ የምትገኘው ጠዳ የወይና ደጋ አገር ናት። በጠዳ የሚያድር ሰው በኅዳርና በታኅሣሥ እንኳ ጋቢውን ደርቦ ሌሊቱን ሊገፋው ይችላል። ይኸው ሰው በማግሥቱ በመኪና ተነሥቶ ጎንደርን አቋርጦ፣ በወገራ በኩል አምባ ጊዮርጊስን፣ ዳባትንና ደባርቅን አልፎ ቢሄድ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ በሰሜን ተራሮች ላይ ውርጭ በሚወርድበት ሜዳ ድንኳን ይተክላል። ቀድሞ በበቅሎና በእግር የብዙ ቀን መንገድ የነበረው ዛሬ የአንድ ቀን ጉዞ ሆኗል። የዱሮው መንገደኛ ወደ ብርዱ ቀስ በቀስ ይገባ ነበር፤ የዛሬው ግን የጠዳን ሌሊት በልቡ እንደ ያዘ የጨነቅ ሌሊት ይደርስበታል። መኝታን የመምረጥ ጥያቄ የሚጀምረውም ከዚሁ ላይ ነው።

የሰሜን ብርድ ዝናው ጥንታዊ ነው። በስድስተኛው መቶ ዓመት ኮስማስ የተባለው የእስክንድርያ ነጋዴ በአዱሊስ ወደብ ከአንድ የድንጋይ ዙፋን ላይ ገልብጦ ያቆየው የግሪክ ጽሑፍ፣ ስሙ ያልተጠቀሰ የአክሱም ንጉሥ ስለ ዘመታቸው አገሮች ይተርካል። ከእነዚህ አገሮች አንዱ ሰሜን ሲሆን፣ ተራሮቹ ለመውጣት አስቸጋሪ እንደ ነበሩና በረዶው ሰውን እስከ ጉልበቱ ያሰጥም እንደ ነበር ይገልጻል። እንግዲህ ስለዚህ አገር በጽሑፍ ከቆዩት የጥንት ምስክሮች አንዱ የሚናገረው፣ ከቤቱ ርቆ በብርድ ውስጥ ስላደረ ሠራዊት ነው ማለት ይቻላል።

የአገሩ ሰው የሙቀት መለኪያ ሳይኖረው ምድሩን በብርድና በሙቀት ከፍሎ ያውቅ ነበር። ከ1,500 ሜትር በታች ያለውን ቆላ፣ ከዚያ በላይ እስከ 2,300 ሜትር ገደማ ያለውን ወይና ደጋ፣ ቀጥሎ ያለውን ደጋ፣ ከሁሉም በላይ ያለውን ደግሞ ውርጭ ብሎታል። መኝታውም ይህንኑ አከፋፈል ይከተላል። ለቆላ ኩታ ይበቃል፤ ለወይና ደጋ ጋቢ ይያዛል፤ ለደጋ ቡልኮ ወይም ከበግ ጠጉር የተሠራ ባና፣ በላዩም በርኖስ ይጨመራል። እረኛውና የቆሎ ተማሪው ደበሎ ለብሰው ያድራሉ። ከሥር ደግሞ ጀንዴ ወይም አጎዛ ይነጠፋል። ይህ ሁሉ ሲደመር አንድ ሥርዓት ነው፤ መንገደኛው እንደሚያድርበት አገር ከፍታ አንዱን በአንዱ ላይ እየደረበ ይሄዳልና።

አዳኙም ለዚሁ ሥርዓት ተገዢ ነበር። በጎንደር ዘመን ነገሥታቱና መኳንንቱ ዝሆንና ጎሽ ለማደን ወደ ምዕራብ ቆላ ይወርዱ ስለ ነበር፣ በዚያ የሚያስፈልገው ቀላል ልብስ ነው። ዋልያ ፍለጋ ወደ ሰሜን ገደል የሚወጣው ግን ከብርድ ጋር መታገል ነበረበት። ከሰሜን ተራሮች በቀር በዓለም ላይ በሌላ ስፍራ የማይገኘውን ይህን እንስሳ ጀርመናዊው ተመራማሪ ኤዱዋርድ ሩፔል እ.ኤ.አ. በ1835 ለሳይንስ አስተዋወቀው። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ በአደን እየተመናመነ ስለ ሄደ፣ በ1962 ዓ.ም. የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ተቋቋመ፤ እ.ኤ.አ. በ1978ም በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። ዋልያን ለመግደል ይደረግ የነበረው ጉዞ ዋልያን ለመጠበቅና ለማየት በሚደረግ ጉዞ ተተካ። ብርዱ ግን የዱሮው ብርድ ነው።

በተለምዶ ስሊፒንግ ባግ የሚባለው የመኝታ ከረጢት በአውሮፓ የተወለደው በዚሁ በተራራ ሌሊት ችግር ነው። እንግሊዛዊው ተራራ ወጪ ፍራንሲስ ፎክስ ተኬት በ1860ዎቹ መጀመሪያ በአልፕስ ተራሮች የመኝታ ከረጢት ሞክሯል፤ የዌልሱ ነጋዴ ፕራይስ ጆንስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1876 ለሚጠቀለል የብርድ ልብስ የፈጠራ መብት አስመዝግቧል። ይሁን እንጂ አንድ ከረጢት ስንት ዲግሪ ብርድ እንደሚችል የሚወስን የጋራ መለኪያ ባለመኖሩ፣ ሻጩ የፈለገውን ቁጥር ይጽፍ ነበር። አውሮፓ የጋራ ደረጃ ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ2002 ነው፤ ዓለም አቀፉ ደረጃም በ2016 ተተካው።

በዚህ ደረጃ መሠረት በከረጢቱ ላይ ሦስት ቁጥሮች ይጻፋሉ። የመጀመሪያው የምቾት ቁጥር ሲሆን፣ ሴት ተኝታ ሳይበርዳት የምታድርበት ነው። ሁለተኛው የወሰን ቁጥር፣ ወንድ ኩርምት ብሎ እንደ ምንም የሚያድርበት ነው። ሦስተኛው የአደጋ ቁጥር ነው፤ ይኸውም ሰው በብርድ ከመሞት የሚድንበትን እንጂ እንቅልፍ የሚተኛበትን አያመለክትም። ብዙ ገዥ የሚሳሳተው ሦስተኛውን ቁጥር እንደ መጀመሪያው አድርጎ በመውሰድ ነው።

ቁጥሩን ከአገሩ ጋር ማስማማት ከባድ አይደለም። ጎንደር በ2,100 ሜትር፣ ጨነቅ በ3,600 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛሉ። ከፍታ በ100 ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀት በአማካይ 0.6 ዲግሪ ያህል ስለሚቀንስ፣ በሁለቱ መካከል 9 ዲግሪ ልዩነት አለ። ጎንደር በ10 ዲግሪ ያነጋችበት ሌሊት በጨነቅ የ1 ዲግሪ ሌሊት ይሆናል። በበጋ ሰማዩ ሲጠራና ነፋሱ ጸጥ ሲል ምድር ሙቀቷን አሳልፋ ስለምትሰጥ፣ ቀዝቃዛው አየርም ወደ ጎድጓዳው ስለሚወርድ፣ ሙቀቱ ከዜሮ በታች ይዘቅጣል። ስለዚህ ለጨነቅ ወይም ለግጭ የሚያዝ ከረጢት የምቾት ቁጥሩ ከዜሮ 5 ዲግሪ ያህል በታች ቢሆን ይመረጣል፤ ለጠዳ ግን ይኸው ከረጢት ላብ ነው።

ከረጢት ብቻውን ግን አያሞቅም። ከተኛው ሰው በታች ያለው ላባ ወይም ጥጥ በክብደት ተጨፍልቆ አየር መያዝ ስለሚያቅተው፣ መሬቱ ሙቀትን ይስባል። ዛሬ የሚነጠፈው የአየር ፍራሽ የሚሠራው ሥራ የአጎዛው ሥራ ነው፤ በአጎዛው ጠጉር ውስጥ የተያዘው አየር ከመሬት ይለያልና። ከዝይና ከዳክዬ የሚገኘው ለስላሳ ላባ ቀላልና ሞቃት ቢሆንም፣ ከራሰ ዋጋ የለውም። በክረምት ወይም በጉም ወቅት ሰው ሠራሽ ሙሊት ያለው ከረጢት ይሻላል።

እስካሁን የተነገረው ስለ እንግዳው ነው። ነገር ግን በሰሜን ድንኳን አንድ ሰው ብቻ አያድርም። ከእንግዳው ጋር ጠመንጃ የያዘ የፓርክ ስካውት፣ ባለ በቅሎ፣ ወጥ ሠሪና መሪ ይጓዛሉ። እንግዳው ለብርዱ የተለካ ከረጢት ሲኖረው፣ ባለ በቅሎው በወይና ደጋ ጋቢ ወደ ውርጭ የሚወጣበት ጊዜ አለ። ጋቢው የሚጎድለውን እሳት ይሞላዋል። እሳቱም ማገዶ ይፈልጋል፤ በዚያ ከፍታ የሚገኘው ማገዶ በዝግታ የሚያድገው አስታ ነው። እንደዚህ ሲታሰብ የአንድ ሰው መኝታ ማነስ የሰውየው ችግር ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ ፓርኩ ሊጠብቀው የተቋቋመውን ደን ይነካል።

ከዚህ የተነሣ ጉዞ የሚያዘጋጅ ባለሙያ ከጎንደር ከመነሣቱ በፊት ሊጠይቃቸው የሚገቡ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው፣ የሚታደርበት ስፍራ ከሚነሡበት ምን ያህል ከፍ ይላል የሚለው ነው። ሁለተኛው፣ ከጓዙ ሁሉ ያነሰው መኝታ የማን ነው የሚለው ነው። የአንድ ጉዞ ዝግጅት የሚለካው በእንግዳው ከረጢት ላይ በተጻፈው ቁጥር ሳይሆን በባለ በቅሎው ጋቢ ነው። የዱሮው መንገደኛ ባናውንና አጎዛውን በበቅሎ ጭኖ ወደ ደጋ ሲወጣ ያውቀው የነበረውን፣ የዛሬው ባለሙያ በሜትርና በዲግሪ አስልቶ ለጓዙ ሁሉ ማዳረስ ይጠበቅበታል።