ቅማል፣ ባና እና የጎንደሩ ትምህርት ቤት

ላስታ ክረምት ሲገባ ልብስ ማጠብ ይቀራል። ውኃ ጠፍቶ አይደለም፤ የታጠበውን የሚያደርቅ ፀሐይ ስለሌለ ነው። አቡነ ዮሴፍ ተራራ ከ4,200 ሜትር በላይ ነውና ከዚያ የሚወርደው ብርድ አጥንት ይሰብራል። ቤተሰቡ በአንድ ባና ሥር ይተኛል፤ እንግዳም ሲመጣ እዚያው ይጨመራል። የቆሎ ተማሪው በየጎጆው ከጓደኞቹ ጋር ተጠጋግቶ ያድራል። በእጀ ጠባብ ስፌት ውስጥ የተሸሸገች ቅማልም የምትፈልገው ይህንኑ ነው፤ ሙቀትና መጠጋጋት።

ቅማል ግን በትኩሳት የሚነድ ገላ አትወድም። ባለቤቱ ሲታመም ትታው ወደ ጎረቤቱ ትሻገራለች። ጎረቤቱ ደግሞ ይዞ በሁለት አውራ ጣቶቹ ጥፍር መካከል ይጨፈልቃታል፤ ከዚያም ያሳከከውን ገላ በዚያው ጥፍር ያካል። እያገረሸ የሚመለሰው ትኩሳት ወደ ሰው የሚገባው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ መንገድ ነው፤ ተሕዋሲው በቅማሏ ደም ውስጥ ስላለ ስትፈርጥ በጫረው ቆዳ በኩል ይዘልቃል። አገሬው ይህንንም ሌላውንም ወረርሽኝ ሁሉ “ተስቦ” ይለዋል። ተስቦ የገባበት ቤት ደጃፍ ላይ የሚቆም ሰው አልነበረም።

ሐኪምስ? በ1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከማይጨው ሽንፈት በኋላ ወደ ላሊበላ ጎራ ብለው ሲጸልዩ፣ በዘመናዊ ሕክምና የተመረቀ ኢትዮጵያዊ በጣት የሚቆጠር ነበር። ከእነዚያ ጥቂቶች መካከል ሁለቱ ከወሎ ጋር ይያያዛሉ። ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ በልጅነታቸው በመቅደላ ጦርነት ማግሥት በእንግሊዞች እጅ ገብተው ሕንድ ደረሱና በላሆር ሕክምና ተማሩ። ወሎ የተወለዱት ዶክተር መላኩ በያን እ.ኤ.አ. በ1935 ዋሽንግተን ከሚገኘው ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ተመረቁ። ሁለቱም የተማሩት ባሕር ማዶ ነው። አገር ውስጥ ሐኪም የሚያስተምር ቤት ገና አልነበረምና።

ሐኪም ሊሆን ለሚችል ወጣት አገር ውስጥ በር የተከፈተው በሰው ሞት ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 በደምቢያ ሜዳ የተነሣው ንዳድ ወደ 7,000 የሚጠጋ ሕዝብ ጨረሰ። በ1947 ዓ.ም. መንግሥት ከአሜሪካ የቴክኒክ ርዳታ፣ ከዓለም ጤና ድርጅትና ከዩኒሴፍ ጋር ሆኖ ጎንደር ላይ የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ከፈተ። ያስመረቀው ዶክተር አልነበረም፤ ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና ሳኒተሪያን ነበር። ሦስቱ በቡድን ሆነው ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ ይላኩ ነበር፤ ቆላ ድባ የሚታወቀው የልምምድ ስፍራ ነበር። አንዱ በሽተኛ ያያል፣ አንዷ እናቶችንና ሕፃናትን ትከታተላለች፣ ሌላው ምንጭ ያጎለብታል፣ መጸዳጃ ያስቆፍራል። ባላገሩ ግን ልዩነቱን መች አየው? ሁሉም ለእሱ “ሐኪም” ነው፤ ቁስል የሚጠርገው ድሬሰር ሳይቀር።

እ.ኤ.አ. በ1958 የመጣው የወባ ወረርሽኝ ጎንደር የሠራችው ትክክል እንደነበር አሳየ። በ1,600 እና በ2,150 ሜትር መካከል ባለው አገር ተስፋፍቶ 3 ሚሊዮን ሰው ታመመ፤ 150,000 ሞተ። ላሊበላ ከዚያ ከፍታ በላይ ናት፤ የተከዜ ቆላ ግን ከሥሯ ነው። ደገኛው “ቆላ ወርዶ ንዳድ ይዞት መጣ” የሚለው ዝም ብሎ አይደለም።

በአዲስ አበባው ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ፋኩልቲ በ1957 ዓ.ም. ተከፈተ። ጎንደርም እ.ኤ.አ. በ1978 ከላይፕዚግ ካርል ማርክስ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብራ ዶክተር ማሠልጠን ጀመረች። ዶክተር ያስፈልግ ነበር፣ ማን ይክዳል? ጤና መኮንኑን መተው ግን ስሕተት ነበር ባይ ነኝ። ሥልጠናው ተቋርጦ ቆየና በ1980ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ተመልሶ መጀመሩ ራሱ ይህንኑ ይመሰክራል።

በአዲስ አበባ ከተሠሩት ምርምሮች ለእኔ የሚልቀው የባናው በሽታ፣ እያገረሸ የሚመለሰው ትኩሳት፣ ጥናት ነው። ኤልድሪድ ፓሪ፣ አንቶኒ ብራይሰንና ባልደረቦቻቸው በ62 በሽተኞች ላይ ያደረጉትን ጥናት እ.ኤ.አ. በ1970 አወጡ። ማይክሮስኮፕ ሥር የሚታየው ደም ያስደነግጣል፤ ቀጭን የተጠማዘዘ ክር የመሰለ ነገር ቀዩን የደም ሕዋስ እየገፋ ይርመሰመሳል። መድኃኒቱ ይህን ያጠፋዋል፤ ማጥፋቱ ግን የራሱ ጣጣ አለው።

መርፌው ከተወጋ ከአንድ ወይም ከሁለት ሰዓት በኋላ በሽተኛው ይንቀጠቀጣል፤ ጥርሱ ይንገጫገጫል፤ ትኩሳቱ ከበፊቱ ይብሳል። ቤተሰቡ “መርፌው ገደለው” ይላል። ብርዱ ካለፈ በኋላ ላብ ያጠምቀዋል፤ የደም ግፊቱም ይወርዳል። በሽተኛው ግን የተሻለው መስሎት ደጅ ልውጣ ይላል። ተማሪ ሐኪሙ የሚማረው ይህቺን ሰዓት ነው። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ኮረም ላይ ታይፈስና የሚያገረሸው ትኩሳት አብረው ሲገቡም ያስፈለገው ይኸው ነበር፤ መርፌ መውጋቱ ብቻ አይበቃም፤ አልጋው አጠገብ ተቀምጦ ማደር፣ “ልነሣ” ሲል ትከሻውን ይዞ መልሶ ማስተኛት፣ ባናውን መልሶ ማልበስ።