የጥርስ ትል፦ የአንድ ስሕተት ረጅም ዕድሜ

«የነቀዘ ጥርስ» የሚለው አነጋገር በአማርኛ የተለመደ ነው። ነቀዝ እህልን ከውስጥ ቦርቡሮ ቀፎውን የሚያስቀር ተባይ እንደ መሆኑ መጠን፣ ቃሉ ጥርስን የሚበላውና የሚያሳምመው በውስጡ የገባ ነፍሳት ወይም ትል ነው ከሚለው የቆየ እምነት ጋር ይስማማል። እምነቱ የኢትዮጵያውያን ብቻ አይደለም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በመጀመሪያው ሺህ ዓመት በተጻፈ የባቢሎናውያን የሸክላ ሰሌዳ ላይ፣ ትል የበሰለ ፍሬ ቢቀርብለት አልቀበልም ብሎ በጥርስና በድድ መካከል ማደሪያ እንዲሰጠው አማልክትን እንደ ለመነ ተተርኳል።

በአንደኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው ሮማዊው ሐኪም ስክሪቦኒየስ ላርገስ ለጥርስ ሕመም ሃዮሲያመስ የተባለውን ተክል ዘር በፍም ላይ ነስንሶ ጢሱን በአፍ መታጠንን ያዝዝ ነበር። ከዚያ በኋላ አፍ በሙቅ ውሃ ሲጉመጠመጥ ትል መሰል ነገር አንዳንድ ጊዜ እንደሚወጣም ጽፏል። በኢትዮጵያም የባህል ሐኪሞች የአስተናግርን ወይም የእምቧይን ዘር በተመሳሳይ መንገድ ያጥናሉ። የአስተናግርና የሃዮሲያመስ ዝምድና እዚህ ላይ ልብ ሊባል ይገባዋል፤ ሁለቱም ከአንድ የእጽዋት ቤተሰብ የሚመደቡ ከመሆናቸውም በላይ አትሮፒንና ስኮፖላሚን የተባሉትን ንጥረ ነገሮች ይዘዋል። መጠኑ ሲያልፍ አፍ ይደርቃል፣ የዓይን ብሌን ይሰፋል፣ ታማሚውም ይቃዣል፤ አስተናግር የሚለው ስም ራሱ ለዚህ ምስክር ይመስላል።

ወጣ የተባለው ትል ግን ከጥርስ የመጣ አልነበረም። ዘሩ በሙቀት ሲፈነዳ ከውስጡ የሚወጣው ነጭና ቆልመም ያለ ፅንሰ ዘር ነበር። እንግሊዛዊው የእጽዋት ጸሐፊ ጆን ጄራርድ እ.ኤ.አ. በ1597 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ገንዘብ ፈላጊ አታላዮች ክራር ከመሰለ መሣሪያ የተቆረጠ ቀጭን ጅማት ውሃው ውስጥ ጨምረው «ትሉ ይኸው» ይሉ እንደ ነበር አጋልጧል።

ጥርጣሬው የተጠናከረው በማይክሮስኮፕ ነው። ሆላንዳዊው አንቶኒ ቫን ሌቨንሁክ እ.ኤ.አ. በ1683 በጥርስ ላይ ከተለጠፈ ቆሻሻ ውስጥ የሚንቀሳቀሱ ረቂቅ ሕዋሳትን አየ። በ1700 ደግሞ በጢስ ከጥርስ ወጡ የተባሉ ትሎች ቀርበውለት ሲመረምር፣ በአይብ ላይ ከሚገኙት ጋር አንድ ሆነው አገኛቸው። ፈረንሳዊው የጥርስ ሐኪም ፒየር ፎሻር በ1728 ባሳተመው ታላቅ ሥራው ትሉን ፈልጎ እንዳላገኘ ገለጸ። ትክክለኛው ማብራሪያ ግን እስከ 1890 ድረስ መጠበቅ ነበረበት። በዚያ ዓመት አሜሪካዊው ዊሎቢ ሚለር የአፍ ባክቴሪያዎች ከስኳርና ከስታርች አሲድ እንደሚያመነጩ፣ አሲዱም የጥርሱን ማዕድን እንደሚያሟሟ በጥናቱ አሳየ።

እምነቱ ይህን ያህል ዘመን የኖረው በሰው ሞኝነት ብቻ ነው ማለት ያስቸግራል። የተነቀለ ጥርስ ተሰብሮ ሲታይ የሥሩ ፐልፕ ክር መሳይና ለስላሳ ስለሆነ ትል ይመስላል። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ የሕመሙ ጠባይ ነው። የተቆጣው ፐልፕ ሲሞት ሌሊቱን ሙሉ ሲጠዘጥዝ ያደረው ሥቃይ ድንገት ጸጥ ይላል፤ ምስጋናውም ለጢሱ ይሰጣል። ኢንፌክሽኑ ግን ወደ ሥሩ ጫፍ መውረዱን አላቆመም። ከቀናት ወይም ከወራት በኋላ መግል ይቋጥራል፤ ወደ ምላስ ሥር ከተስፋፋም ጀርመናዊው ሐኪም ሉድቪግ እ.ኤ.አ. በ1836 የገለጸውን፣ የአየር ቧንቧን ዘግቶ የሚገድለውን እብጠት ያስከትላል።

ትሉ ከሁሉ የከፋ ጉዳት ያደረሰው ግን ገና ጥርስ ባላበቀሉ ሕፃናት ላይ ነው። በሱዳን፣ በዩጋንዳ፣ በታንዛኒያና በኢትዮጵያ፣ ተቅማጥ፣ ትውከትና ትኩሳት የያዘው ሕፃን ድዱ ይዳሰሳል። ክራንቻ በሚወጣበት ቦታ ላይ ያለው ጤናማ ነጭ እብጠት የበሽታው ምንጭ ተደርጎ በስለት፣ በሽቦ ወይም በምስማር ያለ ማደንዘዣ ተፈልፍሎ ይወጣል። የሚወጣው ገና ያልጠነከረ የጥርስ እምቡጥ ስለሆነ ለስላሳ ነው፤ ቤተሰቡም ትሉን በዓይኑ እንዳየ ይቆጥራል። ሕፃኑ ለመድማት፣ ለቴታነስና በደም ለሚተላለፍ በሽታ ይጋለጣል፤ ለተቅማጡ የሚያስፈልገው ሕይወት አድን ንጥረ ነገርም ይዘገይበታል።

ድርጊቱ የሚተወው ምልክት ከሰው ጋር ይጓዛል። እ.ኤ.አ. በ1994 የታተመ አንድ የእስራኤል ጥናት፣ ከኢትዮጵያ በፈለሱ ቤተ እስራኤላውያን ልጆች አፍ ውስጥ የክራንቻ እምቡጥ መነቀልንና እሱን ተከትለው የመጡ የጥርስ ጉድለቶችን መዝግቧል። ከወተት ጥርሱ ሥር ያለው የቋሚው ክራንቻ እምቡጥ አብሮ ሊጎዳ ይችላልና፣ የታችኛው ቋሚ ክራንቻ በሚበቅልበት ከ9 እስከ 10 ዓመት ባለው ዕድሜ ጥርሱ ተጣሞ ወይም ኢናሜሉ ጎድሎ ይወጣል። በዚያን ጊዜ ተቅማጡ ከተረሳ ብዙ ዓመት ሆኖታል።