የፎገራ ሁለቱ ሩዞችና የማይፀናው ጋብቻቸው

ከአንበሳሜ ወደ ጣና ቁልቁል ሲወረድ በጉማራ ወንዝ ግራና ቀኝ ተዘርግቶ የሚገኘው ሜዳ ዛሬ የሩዝ አገር ተብሎ ይጠራ እንጂ፣ ሩዝ በአራሽ እጅ የተዘራበት ዘመን ገና ከአንድ ሰው ዕድሜ አላለፈም። ሰው ሳይዘራው የሚበቅል ሩዝ ግን አስቀድሞ ነበረ፤ ይኸውም የክረምት ውሃ በሚተኛበት ረግረግ ግንዱን ከመሬት በታች እየሰደደ ከዓመት ዓመት የሚለመልም፣ ፍሬውም ለአጫጅ ሳይደርስ የሚረግፍ፣ ሊቃውንት ኦራይዛ ሎንጊስታሚናታ የሚሉት የዱር ሩዝ ነው። ምድሩ ለሩዝ የተመቸ መሆኑን የመሰከረው ይህ ሣር ሲሆን፣ በ1970ዎቹ ዓመተ ምሕረት ከሰሜን ኮሪያ የመጡ ባለሙያዎች በደራ በጅግና፣ በፎገራም በሻጋ አምራች ማኅበራት እርሻ ላይ የእስያውን ሩዝ ሞከሩ፤ ዘሩም ኤክስ ጅግና ተብሎ ቀረ፤ ዱቄቱ ከጤፍ ጋር ተደባልቆ እንጀራ፣ ገለባውም የፎገራ ከብት ቀለብ ሆነ።

ከዚህ በኋላ ሁለቱ ዘመዳሞች ጎን ለጎን ይኖሩ ጀመር። ታዲያ ነፋስ የአንዱን የአበባ ብናኝ ለሌላው እያደረሰ ሳለ አንድ ዘር ሆነው ያልቀሩት ስለ ምንድን ነው? ቹ እና ኦካ የተባሉ ተመራማሪዎች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1970 ስለ እነዚህ ሁለት ወገኖች እንዳስረዱት፣ ጽንሱ ይፀነሳል፤ ነገር ግን ሳይጎለምስ ዕድገቱ ይቋረጣል፣ በፍሬው ውስጥ ለስንቁ የተዘጋጀውም ምግብ ይበላሻል። ምክንያቱም በየወገኑ አንድ አንድ ሆነው የሚገኙ ሁለት ዘረ መሎች ናቸው፤ እያንዳንዱ በገዛ ወገኑ አንዳች ጉዳት ሳያደርስ ይኖራል፣ በአንድ ጽንስ ሲገናኙ ግን ይገድላሉ።

የዚህን ምስጢር መንገድ ቀድማ ያሳየችው የፍራፍሬ ዝንብ ናት። አልፍሬድ ስተርቴቫንት የተባለ ተመራማሪ በዚሁ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1920 ሜላኖጋስተር የተባለችውን እናት፣ ሲሙላንስ የተባለውንም አባት አድርጎ ቢያዳቅል፣ ወንዶቹ ልጆች ዝንብ ለመሆን ሳይበቁ ሞቱ፣ ሴቶቹም እንደ በቅሎ መካን ሆነው አደጉ። ቴዎዶሲየስ ዶብዣንስኪ በ1937 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳስተማረው፣ አንድ የነበረ ነገድ ለሁለት ሲከፈል በአንዱ ቤት አንድ፣ በሌላውም ቤት ሌላ ዘረ መል ይለወጣል፤ እያንዳንዱ ለውጥ የተፈተነው ከገዛ ቤተሰቡ ጋር ብቻ ስለ ሆነ፣ ከማያውቀው ባዕድ ጋር ሲጋጠም የሚመጣውን ጥፋት አስቀድሞ የሚከለክል የለም። በዝንቦቹ ዘንድ እንዲህ የሚጋጩት ኤልኤችአርና ኤችኤምአር የተባሉ ዘረ መሎች መሆናቸው በ2006 ተገለጠ። እኔን ከሁሉ ይልቅ የሚመስጠኝ በደሉ የእናትም የአባትም አለመሆኑ ነው።

ወደ ፎገራ ስመለስ፣ የሩዙ ማሳ እየሰፋ ረግረጉን ሲገፋ ለዱሩ ሩዝ መሳሳቴም በከንቱ አይደለም። የቻይና የዩናን ተመራማሪዎች የታይላንድን ሩዝ ከናይጄሪያው ሎንጊስታሚናታ ጋር አዳቅለው፣ ጽንሱን ሞት ሳይቀድመው ከእናቱ ፍሬ አውጥተው በብርጭቆ ዕቃ አሳደጉት፤ ከዚያም ዲቃላ በብዙ ዓመት ድካም የተገኘው፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2018 ለገበሬ የተለቀቀው ፒአር23 የተባለ ሩዝ አንድ ጊዜ ተተክሎ በአራት ዓመት ውስጥ ስምንት ጊዜ ታጨደ።