መርዝ ወንድና ሴት ሲለይ

ቁጫን ጨምሮ በጋሞ ዞን ቆላማ አካባቢዎች ካሳቫ ስፍራ የያዘው በክፉ ቀን ነው። ተክሉ ቀደም ብሎም በደቡብ ይታወቅ ነበር፤ በየማሳው የተስፋፋው ግን ከ77ቱ ድርቅ ወዲህ ነው። ዝናብ ሲጠፋ በቆሎው ይደርቃል፤ የካሳቫ ሥር ግን አፈር ውስጥ ሆኖ ባለቤቱን ይጠብቃል። ሴቶች ሥሩን ይልጡታል፣ ይከትፉታል፣ ፀሐይ ላይ ያሰጡታል፤ ሲደርቅ አስፈጭተው ከበቆሎ ወይም ከጤፍ ዱቄት ጋር ይደባልቁታል። እንጀራም ቂጣም ይወጣዋል።

ይህ ሁሉ ልፋት በከንቱ አይደለም። ሥሩ፣ በተለይ መራራው ዝርያ፣ ሲቆረጥ ሳያናይድ ይለቃል። በደንብ ሳይዘጋጅ፣ ሌላ በቂ ፕሮቲንም ሳይኖር ለሳምንታት ከተበላ ኮንዞ የተባለውን በሽታ ያመጣል። ጆቫኒ ትሮሊ የተባለ ጣሊያናዊ ሐኪም በ1938 እ.ኤ.አ. ከኮንጎ የመዘገበው ይህ በሽታ እግርን በድንገት ሽባ ያደርጋል። በ1981 እ.ኤ.አ. ሰሜን ሞዛምቢክ በድርቅ ስትመታ ከ1000 በላይ ሰዎችን ያዘ። ከተያዙት የሚበዙት ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ።

ወደ አማራ ክልል ሲወጣ ነገሩ ይገለበጣል።

እዚያ የክፉ ቀን እህል ጓያ ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ እ.ኤ.አ. በደላንታ ዳውንት ሌላው ሰብል ሲከሽፍ ገበሬው ቂጣውንም፣ ንፍሮውንም፣ ቆሎውንም ከጓያ አደረገ። በጓያው ውስጥ ባለው መርዝ ወደ 2000 የሚጠጉ ሰዎች እግራቸው ተሳሰረ፤ ዶክተር ኃይለኢየሱስ ጌታሁንና ባልደረቦቹም ወረርሽኙን በ1999 እ.ኤ.አ. ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ለዓለም አሳወቁ። በትር ተደግፈው በጣቶቻቸው ጫፍ የሚራመዱት በብዛት ወጣት ወንዶች ነበሩ። ለምን ወንዶች? ምናልባት እርሻ ላይ ሲውሉ ቆሎና እሸት ስለሚያበዙ ይሆናል የሚል ግምት ነበር። ግምቱ መጥፎ አይደለም፤ ግን ብቻውን አይበቃም።

ሌላው መልስ ከአይጥ መጣ። በ2004 እ.ኤ.አ. በሕንድ የቪጃያላክሽሚ ራቪንድራናት ቡድን የጓያውን መርዝ ለወንድና ለሴት አይጦች ሰጠ። የወንዶቹ የነርቭ ሕዋሳት ኃይል ማመንጫ ተጎዳ፤ የሴቶቹ ግን ተቋቋመ። እንቁላል ማምረቻቸው የተወገደላቸው ሴቶች ደግሞ መከላከያቸውን አጡ። ኤስትሮጅን የተባለው ሆርሞን ግሉታሬዶክሲን የሚባል ጠባቂ ፕሮቲን በሴቶቹ አንጎል ውስጥ እንዲበዛ ያደርግ ነበር።

የጓያው መርዝ የሚያጠቃበት መንገድ ከጓያ ማሳ ርቆ ባሕር ድረስ ይደርሳል። በ1987 እ.ኤ.አ. ከካናዳው ልዑል ኤድዋርድ ደሴት የመጣውን ሙሰል የተባለ ባለ ዛጎል የባሕር እንስሳ የበሉ ከ100 በላይ ሰዎች ታመው ሦስቱ ሞቱ፤ አንዳንዶቹም የማስታወስ ችሎታቸውን አጡ። ዶሞይክ አሲድ የተባለው ያ መርዝና የጓያው መርዝ የነርቭ ሕዋስን የሚያጠቁት በአንድ ዓይነት በር ነው፤ ሁለቱም የግሉታሜትን መቀበያዎች አለቅጥ ይቀሰቅሳሉ።

የሚያሳዝነው፣ ላቦራቶሪዎች ለረጅም ጊዜ ይህን የወንድና የሴት ልዩነት የሚያሳይ ዓይን አልነበራቸውም። በ2009 እ.ኤ.አ. የታተሙ የነርቭ ሳይንስ ጥናቶች ሲቆጠሩ፣ ሴት እንስሳትን ብቻ የተጠቀመ አንድ ጥናት ሲገኝ ወንዶችን ብቻ የተጠቀሙት ከአምስት በላይ ነበሩ። በወንድ አይጥ ብቻ የተፈተነ የካሳቫ ዱቄት፣ በሞዛምቢክ ይበልጥ የተጎዱት ሴቶች ስለሆኑ፣ ለቁጫዋ እናት በቂ ማረጋገጫ ሊሆን አይችልም። ፈተናው በሁለቱም ፆታ መደረግ አለበት።