ወገብዎን ሲያምዎ፦ ተኝቶ መዋል ወይስ ቀስ ብሎ መንቀሳቀስ?

ከወለል ላይ አንድ ነገር ለማንሣት ጎንበስ ብለው ቀና ማለት አቅቶዎት ያውቃል? ወይስ ጠዋት ከአልጋ ሲነሡ ወገብዎ ደርቆ ጫማዎን ማሰር ተስኖዎት ይሆን? እንዲህ ያለ ነገር ከደረሰብዎ ብቻዎን አይደሉም። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚገልጸው እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም ዙሪያ 619 ሚሊዮን ሰዎች የታችኛው ጀርባ ሕመም ነበረባቸው። ሰውን ከሥራና ከዕለት ኑሮ በማሰናከል ረገድ ከሌሎች ሕመሞች ሁሉ ቀዳሚው ይኸው ነው።

ወገብ ሲያም ከቤተሰብም ሆነ ከጎረቤት የሚመጣው ምክር ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ «ተኛ፣ አትንቀሳቀስ፣ ወገብህን አሳርፈው» ይባላል። ምክሩ ከፍቅር የመነጨ ቢሆንም ለአብዛኛው ሰው ግን የሚበጅ አይደለም። በዚህ ጽሑፍ እንቅስቃሴ ከአልጋ የሚሻልበትን ምክንያት፣ ሐኪም ዘንድ ሳይዘገዩ መሄድ የሚገባዎት መቼ እንደሆነና በቤትዎ ምን መሥራት እንደሚችሉ በየተራ እንመለከታለን።

ወገብ ለምን ያማል?

አከርካሪያችን አንዱ በሌላው ላይ የተደራረቡ 24 ተንቀሳቃሽ አጥንቶች አሉት። ከእነዚህ ውስጥ በወገብ አካባቢ የሚገኙት አምስቱ ከላይ ያለውን የሰውነት ክብደት ይሸከማሉ። በአጥንቶቹ መካከል እንደ ትራስ የሚያገለግሉ ዲስኮች አሉ። የጀርባ፣ የሆድና የመቀመጫ ጡንቻዎች ደግሞ ገመድ የድንኳንን ምሰሶ ወጥሮ እንደሚያቆም አከርካሪውን ደግፈው ይይዙታል። ገመዱ ከላላ ምሰሶው እንደሚንገዳገድ ሁሉ ጡንቻዎች ሲደክሙም ጫናው በወገብ ላይ ይበረታል።

ከመቶ ሰዎች በዘጠናው ገደማ ለወገብ ሕመማቸው መነሻ የሆነ አንድ የተለየ በሽታ አይገኝም። ቀኑን ሙሉ መሪ ጨብጦ የሚውል ሹፌር፣ በርጩማ ላይ ጎንበስ ብላ ልብስ የምታጥብ እናት፣ ከኮምፒውተር ፊት ሳይነሣ የሚውል የቢሮ ሠራተኛ፣ ከባድ ዕቃ የሚያነሣ ጎልማሳ ሁሉም ለዚህ የተጋለጡ ናቸው። መልካሙ ዜና እንዲህ ያለው ሕመም በአብዛኛው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እየተሻለ የሚሄድ መሆኑ ነው።

መተኛት ለምን አይበጅም?

ሰው ለቀናት ሲተኛ ጡንቻዎቹ ይደክማሉ፣ መገጣጠሚያዎቹም ይደርቃሉ። ከዚህ በላይ ደግሞ ፍርሃት ያድርበታል። «ብንቀሳቀስ ይብስብኛል» ብሎ ስለሚያስብ እንቅስቃሴውን ይቀንሳል፤ እንቅስቃሴው ሲቀንስ ጡንቻው ይደክማል፤ ጡንቻው ሲደክም በጥቂት ሥራ ያመዋል። በዚህ ዓይነት የሁለት ሳምንት ሕመም የሁለት ዓመት ሊሆን ይችላል።

በፊንላንድ አገር በሄልሲንኪ ከተማ አስተዳደር ሠራተኞች ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ1995 የታተመ ጥናት ይህንኑ አሳይቷል። ወገባቸውን በድንገት ያመማቸው 186 ሰዎች በሦስት ተከፈሉ። አንዱ ቡድን ሁለት ቀን እንዲተኛ፣ ሌላው የተለየ የጀርባ እንቅስቃሴ እንዲሠራ፣ ሦስተኛው ሕመሙ በፈቀደለት መጠን የዕለት ሥራውን እንዲቀጥል ተደረገ። ቶሎ የተሻላቸው ሥራቸውን የቀጠሉት ነበሩ፤ ከሁሉም የዘገየው የተኙት ማገገም ነው።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። ሕመሙ በበረታባቸው የመጀመሪያ ቀናት ራስዎን በስፖርት አያስጨንቁ፤ በቤት ውስጥ ወዲያ ወዲህ ማለትና ቀላል ሥራ መሥራት ይበቃል። ሕመሙ ጋብ ሲል ወይም ከሦስት ወር በላይ የቆየ ሲሆን ግን የታሰበበት እንቅስቃሴ ያስፈልጋል። የዓለም የጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 ሥር ለሰደደ የወገብ ሕመም ባወጣው መመሪያ እንቅስቃሴን ከሚመክራቸው መንገዶች መካከል አስቀምጦታል። የወገብ ቀበቶ ማሰርን ግን በዘልማድ እንዳይሰጥ መክሯል።

አስቀድመው ይህን ያረጋግጡ

ከሚከተሉት ምልክቶች አንዱ ካለብዎ እንቅስቃሴውን ትተው ወደ ሐኪም ይሂዱ።

• ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ካቃትዎ፣ ሽንት አልወጣ ካለዎ፣ ወይም በብልትዎና በመቀመጫዎ አካባቢ ከደነዘዝዎ፤ ይህ ለነገ የማይባል ድንገተኛ ሁኔታ ነው።
• እግርዎ እየሰነፈ ወይም እየደነዘዘ ከሄደ።
• ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ ወይም ምክንያቱ ያልታወቀ ክብደት መቀነስ ካለ።
• ሕመሙ የጀመረው ከመውደቅ ወይም ከመኪና አደጋ በኋላ ከሆነ።
• ከዚህ በፊት ካንሰር ታምመው ከነበረ፣ ወይም ሕመሙ በዕረፍትና በሌሊት የሚብስ ከሆነ።

ብዙዎች ቲቢ ሳንባን ብቻ የሚያጠቃ ይመስላቸዋል። ነገር ግን አከርካሪንም ያጠቃል፤ ቶሎ ካልታከመ አከርካሪን ሊያጎብጥና እግርን ሽባ ሊያደርግ ይችላል። በመድኃኒት ግን የሚድን በሽታ ነው። ስለዚህ ምንነቱ ያልታወቀ የጀርባ ሕመም ይዘው ወደ ወጌሻ ሄደው በኃይል አያስጠምዝዙ። አጥንቱ ተጎድቶ ከሆነ ጉዳቱ ይብሳል።

ነፍሰ ጡር የሆኑ፣ ቀዶ ጥገና የተደረገላቸው ወይም አጥንታቸው የሳሳ ሰዎችም ከመጀመራቸው በፊት ሐኪም ወይም ፊዚዮቴራፒስት ያማክሩ።

በቤትዎ የሚሠሯቸው ስድስት እንቅስቃሴዎች

ወለል ላይ ምንጣፍ ወይም ብርድ ልብስ ያንጥፉ። በቀን አንድ ወይም ሁለት ጊዜ፣ ለ10 ወይም ለ15 ደቂቃ ይበቃል። ትንፋሽዎን አይያዙ፤ በድንገት አይሳቡ፤ አይንጠሩ። የመወጠር ስሜት ቢሰማዎ ችግር የለውም። ሕመሙ ወደ እግርዎ እየወረደ ከሄደ ግን ያንን እንቅስቃሴ ያቁሙ።

1. ጉልበትን ወደ ደረት መሳብ፦ በጀርባዎ ተንጋለው ጉልበቶችዎን ይጠፉ። አንዱን ጉልበት በሁለት እጅዎ ይዘው ቀስ ብለው ወደ ደረትዎ ይሳቡ። ከ15 እስከ 30 ሰከንድ ቆይተው ይመልሱት። በሌላውም እንዲሁ ያድርጉ። ሁለት ሦስት ጊዜ ይደጋግሙት።

2. ወገብን ወደ ወለል መጫን፦ እንደ ተንጋለሉ ሆድዎን ጠበቅ አድርገው በወገብዎና በወለሉ መካከል ያለውን ክፍተት ይዝጉ። አምስት ሰከንድ ቆይተው ይልቀቁ። አሥር ጊዜ።

3. ዳሌን ማንሣት፦ ጉልበትዎ እንደታጠፈ የመቀመጫዎን ጡንቻ አጥብቀው ዳሌዎን ከወለሉ ያንሡ። ከትከሻዎ እስከ ጉልበትዎ ቀጥ ሲል አምስት ሰከንድ ቆይተው ቀስ ብለው ይውረዱ። በአምስት ጀምረው ወደ አሥር ያሳድጉት።

4. የጭንን ጀርባ ማሳሳብ፦ ተንጋለው ነጠላ ወይም ፎጣ በአንድ እግርዎ መርገጫ ሥር ያሳልፉ። ሁለቱን ጫፎች ይዘው እግርዎን ቀና አድርገው ወደ ላይ ይሳቡ። ጉልበትዎ ጥቂት ቢታጠፍ ግድ የለም። ከ15 እስከ 30 ሰከንድ ይቆዩ፤ እግር ይለውጡ።

5. ጀርባን ማጉበጥና ማርገብ፦ እንደሚድህ ሕፃን በእጅዎና በጉልበትዎ ይደገፉ። ጀርባዎን ወደ ላይ ያጉብጡ፤ ቀጥሎም ሆድዎን ወደ ወለሉ ዝቅ ያድርጉ። ሳይቸኩሉ ከአምስት እስከ አሥር ጊዜ።

6. በሆድ ተኝቶ ደረትን ቀና ማድረግ፦ በሆድዎ ተኝተው በክርንዎ ይደገፉና ደረትዎን ቀና ያድርጉ፤ ዳሌዎ ከወለሉ አይነሣ። ጥቂት ሰከንድ ቆይተው ይመለሱ። ይህ አቋም የታወቀው በኒውዚላንዳዊው ፊዚዮቴራፒስት በሮቢን ማኬንዚ ነው። እ.ኤ.አ. በ1956 አንድ ታካሚ የራስጌው ክፍል ከፍ ባለ የሕክምና አልጋ ላይ በአጋጣሚ በሆዱ ተኝቶ ሲጠብቀው የእግሩ ሕመም ለቀቀው። ማኬንዚም ይህን ይዞ የራሱን ዘዴ አዳበረ። በዚህ እንቅስቃሴ ሕመሙ ከእግርዎ ወደ ወገብዎ ከተሰበሰበ መልካም ምልክት ነው። ወደ ኋላ ቀና ማለት የሚያምምዎና ወደ ፊት ጎንበስ ማለት የሚያቀልልዎ ከሆነ ግን ይህን ይተዉት።

በእግር መሄድን አይናቁ

ገንዘብም መሣሪያም የማይጠይቀው መድኃኒት በእግር መሄድ ነው። በአውስትራሊያ ከወገብ ሕመም ባገገሙ 701 ሰዎች ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመ ጥናት ነበር። በፊዚዮቴራፒስት እየተመከሩ ቀስ በቀስ የእግር ጉዞ የለመዱት ሰዎች በመካከለኛ ግምት ሕመሙ የተመለሰባቸው ከ208 ቀን በኋላ ሲሆን፣ ይህን ያላደረጉት ግን በ112 ቀን ነው። እርስዎም በአሥር ደቂቃ ይጀምሩና በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት እየጨመሩ በሳምንት አምስት ቀን ለግማሽ ሰዓት ወደ መሄድ ይድረሱ።

በዕለት ኑሮዎ

ዕቃ ሲያነሡ ከወገብዎ ሳይሆን ከጉልበትዎና ከዳሌዎ ዝቅ ይበሉ፤ ዕቃውን ወደ ሰውነትዎ ያስጠጉ፤ ተሸክመው ወገብዎን አይጠምዝዙ። ሃያ ሊትር ውሃ የያዘ ጀሪካን ሃያ ኪሎ መሆኑን ያስታውሱ፤ ለሁለት ከፍለው በሁለት እጅ ቢይዙት ይቀልልዎታል። የልብስ ማጠቢያውን ሳፋ ከፍ ባለ ነገር ላይ ያስቀምጡት።

ለረጅም ጊዜ አይቀመጡ፤ በየግማሽ ሰዓቱ ተነሥተው ጥቂት ይራመዱ። በስብሰባም ሆነ በአምልኮ ፕሮግራም ላይ ወገብዎ ሲደርቅብዎ ወደ ኋላ ሄደው ጥቂት ቢቆሙ የሚያሳፍር ነገር የለውም።

ወገቡን የሚያመው ሰው መሬት ላይ ወይም በጣም ጠንካራ ፍራሽ ላይ ይተኛ የሚባለውም ሁልጊዜ ልክ አይደለም። በስፔን የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ፣ 313 ሰዎችን ያካተተ ጥናት መካከለኛ ጥንካሬ ያለው ፍራሽ ከጠንካራው እንደሚሻል አሳይቷል።

በመጨረሻም ትዕግሥት ያስፈልጋል። ለዓመታት የደከመ ጡንቻ በአንድ ሳምንት አይበረታም። አንዳንድ ቀን ይሻልዎታል፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ ሕመሙ ይመለሳል። ያ ቀን ሲመጣ እንቅስቃሴውን ይቀንሱ እንጂ አያቋርጡ። ነገ ጠዋት ከአልጋዎ ሲነሡ ከስድስቱ ሁለቱን ብቻ ይሥሩ፤ ከቁርስ በኋላም አሥር ደቂቃ ይራመዱ። ለመጀመር ይህ ይበቃል።