ነፋሱ መቼ መጣብን? ከነገሌ ቦረና እስከ ሞያሌ የሞተር፣ የመንገድና የጆሮ ታሪክ



ባለፈው ሳምንት ነገሌ ያስተማርኩት አንድ ልጅ ደወለልኝ። ልጅ እላለሁ እንጂ ዛሬ የሦስት ልጆች አባት ነው። በያቤሎና በሞያሌ መካከል በሞተር ዕቃ እያመላለሰ ነው የሚኖረው። «ቲቸር፣ ማታ ጋደም ስል ጆሮዬ ውስጥ ፌንጣ ይጮኻል» አለኝ። «ነፋሱ ነው ብዬ ሞተሯ ላይ ትልቅ መከላከያ አስገጠምኩ፤ ጭራሽ ባሰብኝ። ራሴን እንደ ቅል ይንጠዋል።»

ትንሽ ዝም አልኩ። ያ ፌንጣ እኔም ቤት አለ። ሱፐርቫይዘር ሆኜ በመሥሪያ ቤት ያማሃ ዲቲ ወደ ዋደራ፣ ወደ አሬሮ፣ ወደ ፊልቱ ስመላለስ ነው የገባው፤ እስከ ዛሬ አልወጣም። የልጅ ልጄ ከጀርባዬ ስትጠራኝ ካልደገመችው አልሰማትም። እኔም በጊዜው የልጁን ስህተት ሠርቻለሁ፤ አንድ ጋራዥ ወፍራም ፕላስቲክ አስቆርጬ እስከ ግንባሬ የሚደርስ መከላከያ አስገጥሜ ነበር። ታዲያ የታሪክ መምህር ስለሆንኩ ለልጁ የሰጠሁት መልስም በታሪክ ነው የጀመረው። እናንተም ስሙልኝ።

ቆላችን ነፋስ አልጎደለበትም። የሊበንን ሜዳ የሚያውቅ ያውቀዋል። ግን በግመልና በበቅሎ፣ በእግርም የሚሄድ ሰው ጆሮው በነፋስ አይደነቁርም። ጆሮ የሚያደነቁረው ነፋስ ከሰማይ የሚመጣው ሳይሆን እኛው በፍጥነት የምንፈጥረው ነው። ስለዚህ የዚህ ነፋስ ታሪክ የመንገድና የሞተር ታሪክ ነው።

በእኛ አገር ደቡብ ሞተር በብዛት የገባው በክፉ ቀን ነው። በጥር 1928 ዓ.ም. ግራዚያኒ ከዶሎ ተነስቶ በገናሌ ዶሪያ ግንባር የራስ ደስታ ዳምጠውን ጦር ሲገጥም፣ የእኛ ሰው ከሲዳሞ ደጋ በእግሩ ወርዶ፣ ስንቁን በአጋሰስ ጭኖ ነበር። ጠላት ደግሞ በካሚዮንና በብረት ለበስ፣ ከላይ በአውሮፕላን። ለሳምንታት በእግር የተሄደውን አገር የሞተር ጦር በቀናት ውስጥ አቋርጦ ነገሌን ያዘ። ራስ ደስታ ግን አርበኝነቱን ቀጥለው በየካቲት 1929 ዓ.ም. ተይዘው ተገደሉ። ክፍል ውስጥ ይህን ሳስተምር ሁሌ የምለው ነገር ነበር፦ ገናሌ ላይ የተጋጠሙት ሁለት ጦሮች ብቻ ሳይሆኑ ሁለት ፍጥነቶችም ነበሩ።

ጠላት ሲወጣ ቋንቋው ጋራዣችን ውስጥ ቀረ። ፍሬን፣ ማርሽ፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ማርሚታ። ጭቃ የሚከለክለው ፓራፋንጎ፣ ግጭት የሚከለክለው ፓራውልት። ጣሊያኖች የፊት መስታወቱንም በዚሁ መንገድ «ፓራብሬዛ» ይሉታል፤ ብሬዛ ማለት ቀለል ያለ ነፋስ ነው። ፓራፋንጎው ጭቃን በእርግጥ ይከለክላል። ነፋስን መከልከል ግን ጉም እንደ መዝገን ነው። ለምን እንደሆነ ወደ በኋላ እመጣበታለሁ።

ከዚያ ወዲያ ለረጅም ዘመን እኛን ከነፋሱ የጠበቀን የመንገዳችን መጥፎነት ነው! አትሳቁ። በፒስታ ላይ 40 የሄደ ሞተረኛ ጀግና ነበር። የግብርና፣ የጤና፣ የትምህርት ሠራተኛው ሁሉ የሚያማርረው አቧራውን ነው እንጂ ነፋሱን አልነበረም። በ2000ዎቹ ግን ከሐገረ ማርያም በያቤሎና በሜጋ ወደ ሞያሌ የሚወስደው መንገድ ተሻሻለ፤ በኬንያ በኩልም ከኢሲዮሎ እስከ ሞያሌ አስፋልቱ ደረሰ። በዚያው ሰሞን የህንድ ሞተሮች ቆላውን አጥለቀለቁት። 40 ሲነዳ የኖረ ሰው 80 እና 90 መንዳት ጀመረ። የነፋስ ግፊት ደግሞ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን እሱ አራት እጥፍ ይሆናል። ድምፁ ከግፊቱም በላይ ይፈጥናል። አስፋልቱ መጣ፣ ነፋሱም አብሮ መጣ።

ሌላው ዓለም ይህን ነገር ከእኛ ቀድሞ ነው የቀመሰው። የጣሊያኑ ሞቶ ጉዚ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1950 በማንዴሎ ከተማ ሙሉ ሞተር ከነጋላቢው የሚፈተሽበት ትልቅ የነፋስ ዋሻ መሥራት ጀመረ። ሐሳቡ ምቾት አልነበረም፤ ውድድር ማሸነፍ ነበር። በዚያ ዘመን የውድድር ሞተሮች ፊታቸውንና የፊት ጎማቸውን ጭምር እንደ እንቁላል በሚሸፍን ትልቅ ልባስ ይሮጡ ነበር። ፈጠኑ፤ ነገር ግን ከጎን ነፋስ ሲመታቸው ልባሱ እንደ ሸራ ሆኖ ይገፋቸው ጀመር። ዓለም አቀፉ የሞተር ስፖርት ፌዴሬሽን ከ1957 የውድድር ዘመን በኋላ ያንን ሙሉ ልባስ ከለከለ። ሜጋ አካባቢ ተሳቢ ሲያልፋችሁ ሞተራችሁ የሚንገዳገድባችሁ ልጆች ምክንያቱ ይገባችኋል። መሪው ላይ የታሰረ ሰፊ ፕላስቲክ የጎን ነፋስን በቀጥታ ለመሪው ያቀብላል።

ለተራው ነጂ ምቾት የታሰበው ቆየት ብሎ ነው። በ1970ዎቹ አሜሪካዊው ክሬግ ቬተር ለብዙ ዓይነት ሞተር የሚገጠም ትልቅ የነፋስ መከላከያ መሸጥ ጀመረ። በ1976 ደግሞ ቢኤምደብልዩ «አር 100 አር ኤስ» የተባለውን ሞተር በነፋስ ዋሻ ከተፈተሸ ሙሉ ልባስ ጋር ከፋብሪካ አወጣ። ልብ በሉ፤ እነዚህ ሰዎች ፕላስቲክ ቆርጠው ብቻ አልገጠሙም። ነፋሱ ከጠርዙ ካለፈ በኋላ ወዴት እንደሚሄድ ነው የለኩት።

የእኔም የተማሪዬም ስህተት እዚህ ላይ ነው። እኛ «ትልቅ ከሆነ ይከልላል» አልን። መከላከያ ግን ነፋስን አያጠፋም፤ መንገዱን ያስቀይረዋል። ነፋሱ የላይኛው ጠርዝ ላይ ሲደርስ ይቆረጥና እየተጠቀለለ አዙሪት ይሆናል። ከፕላስቲኩ ጀርባ ያለው አየር ደግሞ ግፊቱ ዝቅ ያለ ስለሆነ አዙሪቱን ወደ ታች፣ ወደ ነጂው ይስበዋል። ጭንቅላትህ ከአዙሪቱ በታች ከሆነ ሰላም ነው። ከአዙሪቱ በላይ፣ በንጹሕ ነፋስ ውስጥ ከሆነም ጩኸቱ አንድ ወጥ ነው፤ አይንጥህም። ችግሩ ልክ አዙሪቱ መሐል ሲሆን ነው። ያኔ ሄልሜትህ እንደ ከበሮ ይመታል፤ ያለ መከላከያ ከነበረው ይብሳል። አንድ መከላከያ ለረጅም ሰው ጥፋት፣ ለአጭር ሰው መድኃኒት የሚሆነውም ለዚህ ነው።

ለልጁ የነገርኩት ይኸው ነው፤ ለእናንተም ይጥቀም።

መጀመሪያ ነፋሱን ፈልገው አልኩት። ባዶ መንገድ ላይ፣ በለመድከው ፍጥነት፣ ቀና በል፤ ቀጥሎ አንገትህን ሰበር አድርግ። ጩኸቱ የሚቀንሰው ቀና ስትል ከሆነ መከላከያው ማጠር አለበት። ዝቅ ስትል ከሆነ ወይ ከፍ ማለት ወይ ማዘንበል አለበት። አጫጭር የሱፍ ክር ጠርዙ ላይ በፕላስተር ለጥፈህ ጓደኛህ ከጎን በሌላ ሞተር ይይልህ። ክሩ ቀጥ ብሎ ከተኛ ነፋሱ ንጹሕ ነው፤ ከተወራጨ አዙሪቱ እዚያ ነው።

ሁለተኛ፣ ከታች ክፍተት ተውለት። ከፕላስቲኩ ግርጌ ትንሽ አየር ከገባ ከጀርባው ያለው ግፊት ይስተካከላል፤ ከላይ የሚስበውም ይቀንሳል። እኔ ያስገጠምኩት ከፋናው ጋር ጥብቅ ብሎ የተዘጋ ነበር። «ምንም አይግባ» ብዬ ያዘዝኩት ራሴ ነኝ፤ ጋራዡን አልወቅስም።

ሦስተኛ፣ መንገዱን በጠርዙ ላይ አሻግረህ እንጂ በፕላስቲኩ ውስጥ አትየው። የእኛ አቧራ ፕላስቲክ ይፍቃል። ማታ ፀሐይ ስትጠልቅ ወይም መኪና መብራት ሲያበራብህ የተፋቀ ፕላስቲክ ያሳውራል።

አራተኛ፣ የሄልሜት ጩኸት ብዙው የሚገባው ከታች፣ ከአንገት በኩል ነው። ቆላ ያደጋችሁ ለአቧራ ብላችሁ አንገታችሁ ላይ የምትጠመጥሙት ሻርፕ ያንን ቀዳዳ ይዘጋል። አባቶቻችን ለአቧራ ያዋሉት ነገር ለጆሮም ሆነ።

አምስተኛውና ዋናው ውታፍ ነው። ከሄልሜት ውስጥ የሚሰማው የነፋስ ድምፅ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር አካባቢ ወደ 100 ዴሲቤል ገደማ ይደርሳል። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነትና ጤና ተቋም ለ85 ዴሲቤል 8 ሰዓት ይፈቅዳል፤ በየ3 ዴሲቤሉ ጭማሪ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። አስሉት። 100 ላይ ስትደርሱ የተፈቀደው 15 ደቂቃ ነው! ከያቤሎ ሞያሌ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ እናንተ ታውቁታላችሁ። ስለዚህ የትኛውም መከላከያ ብቻውን አይበቃም። ከመድኃኒት ቤት የሚገዛ የስፖንጅ የጆሮ መድፈኛ በደንብ ጠቅልሎ ወደ ውስጥ ማስገባት ነው። ጥጥ እምብዛም አይረዳም። «ክላክስ አልሰማም» የምትሉ፣ መጀመሪያ በዝቅተኛ ፍጥነት ሞክሩት፤ ነፋሱ ሲቀንስ ክላክሱ ተለይቶ ይሰማል።

ይህን ሁሉ ለምን በታሪክ ለወስኩት? ነገሌ ላይ ስለ መስማት ሳወራ ጥር 1966 ዓ.ም. ትዝ ይለኛል። የ4ኛ ብርጌድ ወታደሮች ውኃ መሳቢያ ፓምፕ ተበላሸባቸው፤ የመኮንኖቹን ጉድጓድ እንጠቀም ቢሉ ተከለከሉ። አቤቱታቸውን የሚሰማ ሲጠፋ አለቆቻቸውን አሰሩ፤ ሊያጣራ የተላከውን ጄኔራልም ይዘው የእነሱን ምግብና ውኃ አቀመሱት። የዚያ ዓመት ነገር በየት እንደ ጀመረ የሚጠየቅ ሁሉ ነገሌን ይጠራል። ነገሩ የአንድ ፓምፕ ነበር። በጊዜው ቢሰማ ኖሮ ይጠገን ነበር።

ጆሮም እንደዚያው ነው፤ ግን ከፓምፕ ይከፋል። በውስጡ ያሉት ድምፅ ተቀባይ ጥቃቅን ህዋሳት አንዴ ከሞቱ አይተኩም። ፌንጣው አቤቱታ ነው። መጀመሪያ ከጉዞ በኋላ ለአንድ ማታ ይጮኻል፤ ጠዋት ይጠፋል። ያኔ ነው መስማት። እኔ ያኔ አልሰማሁትም፤ «የድካም ነው» ብዬ ተኛሁ።

ልጁ ትናንት ደግሞ ደወለ። መከላከያውን በአራት ጣት አሳጥሮታል፤ ከግርጌውም ሁለት ጣት ክፍተት ትቷል፤ ውታፍም ገዝቷል። «ራሴን መናጡ ቆመ ቲቸር። ፌንጣው ግን አለ» አለኝ። «ጨመረ?» አልኩት። «አልጨመረም።» በቃ፣ ለእኔ ትልቅ ዜና ነው።

በሞተር የምትሠሩ ልጆቼ፣ ነገ ከመነሳታችሁ በፊት መድኃኒት ቤት ጎራ በሉ። መከላከያ ያሳጠራችሁ ወይም ያስረዘማችሁ ካላችሁ ደግሞ ከቁመታችሁ ጋር እዚህ ሥር ጻፉልኝ፤ ለሌላው ይጠቅማል። ስትደውሉልኝ ግን ጮክ በሉ።

ቸር ያሰማን።